ያውቁ ኖሯል? አዲስ ፊቸር ከቢሮ ወጥቶ ቁስቋም እስኪደርስ

ሶፍትዌር ውስጥ «ፊቸር» የሚባለው ነገር፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚሰጠው አንድ አገልግሎት፣ ሦስት ጊዜ እንደሚፈተን ያውቁ ኖሯል? ሲታቀድ፣ ሲለቀቅ፣ ከተለቀቀ በኋላም ሲለካ። ብዙ ጊዜ ገንዘቡም ጉልበቱም የሚያልቀው በሁለቱ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ይረሳል። የዛሬው ዓምዳችን ሦስቱንም ከጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብላ ካለችው ከቁስቋም ሆኖ ይመለከታል። ለምን ቁስቋም ቢሉ፣ አዲስ አገልግሎት የሚመረቀው መሐል ከተማ ባሉ አዳራሾች ነው፤ አገልግሎቱ ሠራ አልሠራ የሚባለው ግን ዳገቱ ላይ ባለች ሱቅ ነው።

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ሥራ ሲጀምር ዛሬ የምናውቀውን ሁሉ ይዞ እንዳልመጣ ያውቁ ኖሯል? መነሻው ገንዘብ መላክ፣ መቀበል፣ ማውጣት፣ መክፈልና ካርድ መሙላት ነበር። መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የተባሉት የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶች ከዳሸን ባንክ ጋር የመጡት ዓመት አልፎ፣ በ2014 ክረምት ነው። ይህ መዘግየት ምክንያት አለው። ያለ ማስያዣ ለሚሰጥ ትንሽ ብድር ዋስ የሚሆነው የደንበኛው የግብይት ታሪክ ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ሰው ሲልክና ሲቀበል ካልከረመ ከየትም አይመጣም። የመጀመሪያው ፊቸር ለሁለተኛው ስንቅ ያዘጋጃል። ዕቅድ ሲወጣ ስለ ፊቸሮች ብዛት ብዙ ይወራል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ይህ ቅደም ተከተል ነው እላለሁ።

ዕቅድ ሕግንም ይጠብቃል። ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶች በራሳቸው ፈቃድ የሞባይል ገንዘብ እንዲያንቀሳቅሱ በር የከፈተው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ የወጣው በ2012 ነው። ከዚያ በፊት የቱንም ያህል ጥሩ ኮድ ቢጻፍ መሳቢያ ውስጥ ከመቀመጥ አያልፍም ነበር።

ኤም-ፔሳ ኬንያ ውስጥ ሲሞከር ገንዘብ ወደ ቤተሰብ ለመላክ ታስቦ እንዳልነበረ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ሙከራ ዓላማው የአነስተኛ ብድር ተበዳሪዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ሰዎቹ ግን ስልኩን ለሌላ ነገር አዋሉት፤ እርስ በርስ ተላላኩበት። አዘጋጆቹ ያዩትን ተቀብለው ዕቅዳቸውን ለወጡና በ2007 አገልግሎቱን «ገንዘብ ወደ ቤት ላኩ» በሚል መንፈስ አወጡት። እኛ ዘንድ የገባው ነሐሴ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ የማደንቀው ነገር አለ፦ ሙከራው የመጀመሪያውን ሐሳብ ለማስመስከር ቢሠራ ኖሮ፣ ተበዳሪዎቹ «አላግባብ ተጠቀሙ» ተብለው በተከለከሉ ነበር።

ቁስቋም ሱቅ በር ላይ የሚሰማውን እንስማ።

«እትዬ፣ ልኬያለሁ፤ ገባ?»

«ቆይ ልጄ፣ ሜሴጁ አልመጣም።»

«ይኸው፣ ስክሪን ሾቱን ይዩት።»

«በስክሪን ሾትማ ስንቱ ተሸወደ። ትንሽ ጠብቅ።»

ይህች አጭር ንግግር ለአንድ የክፍያ ቡድን ከመቶ ገጽ ሪፖርት ትበልጣለች። ሰርቨሩ ላይ ክፍያው በሁለት ሰከንድ አልቋል፤ ሪፖርቱም «ተሳክቷል» ይላል። ለባለሱቋ ግን ክፍያው የሚያልቀው የጽሑፍ መልእክቱ በገዛ ስልኳ ሲገባ ነው። በኤዲቲንግ የተሠራ የውሸት ደረሰኝ አሳይቶ ዕቃ ይዞ የሚሄድ ሰው ስላለ ጥርጣሬዋ ልክ ነው። ስለዚህ መለካት ያለበት «ላክ» ከተጫነበት ቅጽበት እስከ ዘይቱ ከመደርደሪያ ወርዶ ለደንበኛው እስከሚሰጥበት ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የሚለካ ቡድን ቀጣይ ፊቸሩን ከባለሱቋ ያገኘዋል፦ ድምፅ አውጥቶ «ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ገብቷል» የሚል መሣሪያ፣ ወይም ያለ ኢንተርኔት የሚረጋገጥ ደረሰኝ።

አንድ የእንግሊዝኛ የጽሑፍ መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ የአማርኛው 70 ብቻ እንደሚይዝ ያውቁ ኖሯል? ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው። የመልእክቱ መጠን 140 ባይት ነው። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ይጠቀለላል፤ የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ባይት ይወስዳል። መልእክቱ ረዝሞ ሲቀጣጠል ደግሞ የማያያዣው ቦታ ይቀነስና ለእያንዳንዱ ክፍል 67 ይቀራል። ከዚህ በላይ፣ በእንግሊዝኛ በተጻፈ ረጅም መልእክት መሐል አንዲት የአማርኛ ፊደል ብትገባ መልእክቱ በሙሉ በባለ 70 ስሌት ይቆጠራል።

ይህ ገንዘብ ነው። «ብር 350 ገብቶልዎታል። ቀሪ ሂሳብ 1,240 ብር።» የሚለው ክፍት ቦታውና ነጥቡ ተቆጥሮ 32 ነው፤ በአንድ መልእክት ይሄዳል፣ ባለሱቋም በአንድ እይታ ታነበዋለች። በዚህ ላይ «የተከበሩ ደንበኛችን»፣ የምስጋና ቃል፣ የባለ ብዙ ቁጥር ማጣቀሻና የደረሰኝ ሊንክ ሲጨመርበት ሁለትና ሦስት መልእክት ይሆናል። ደግነቱ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢውን በአንድ ቦታ ስለሚይዝ በ70 ውስጥ ብዙ ይባላል። ለባንክም ለውኃ ቢልም መልእክት የሚጽፉ ሰዎች ይህን ቢያውቁት፣ መልእክቱ ከሁሉ በፊት ብሩን ይናገር ነበር።

በኮከብና በመሰላል የሚደወሉት አገልግሎቶች ደግሞ የባሰ ይጠባሉ። *127# ለቴሌብር፣ *847# ለሲቢኢ ብር መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። በእነዚህ የዩኤስኤስዲ ገጾች ላይ አንድ ስክሪን በላቲን 182 ፊደል፣ በግዕዝ ግን 80 ብቻ ይይዛል። ቁጥር 1፣ 2፣ 3 እያለ ስድስት ምርጫ የሚዘረዝር ሜኑ በ80 ፊደል ውስጥ መግባት አለበት፤ ተጠቃሚው ቶሎ ካልመለሰም መስመሩ ይቆረጣል። ስለዚህ እዚህ ላይ አንድ ምርጫ መጨመር ሁልጊዜ ሌላውን መግፋት ነው። ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶች በየቀኑ የሚያዩት ይህን ገጽ ሆኖ ሳለ የዲዛይን ባለሙያ ተመድቦለት አለማየቴ ያሳዝነኛል።

ገና ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 ይውላል ብሎ ኮድ የጻፈ ሰው በየአራት ዓመቱ እንደሚሳሳት ያውቁ ኖሯል? ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚገባው ዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። 2012 ላይ ሆኗል፣ 2016 ላይም ሆኗል፣ 2020 ላይም ይሆናል። ለሠራተኛ ደመወዝ፣ ለዕረፍት ቀን፣ ለባንክ ወለድ የሚሠራ ሲስተም ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት። የፈተናውም ዕቅድ ቢያንስ አራት ተከታታይ ዓመት መሸፈን ይገባዋል።

የዛሬ ብሮውዘሮች የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ በውስጣቸው ይዘው እንደሚመጡ ያውቁ ኖሯል? ጃቫስክሪፕት ለሚጽፍ ዴቨሎፐር «ኢትዮፒክ» የሚል አንድ ቃል መስጠት ብቻ በቂ ነው፤ ቀኑ ተለውጦ ይወጣል። ሌላው ቀርቶ ዓመቱን ከዓመተ ዓለም የሚቆጥር ሁለተኛ አማራጭ አለው። ሆኖም ብዙ የአገር ውስጥ ፎርሞች ላይ ዛሬም የልደት ቀን በፈረንጆች ብቻ ይጠየቃል። ስንት ሰው በግምት ሞልቶ እንደሚያልፍ የሚመለከተው ሁሉ ያውቀዋል።

የስም ቦታም እንዲሁ ነው። ከውጭ የተገዛ ፎርም የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ዘንድ የአባትና የአያት ስም ነው ያለው። ያ ሳጥን ውስጥ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፍበታል፤ በኋላ ሁለት ተቋማት መረጃ ሲያመሳክሩ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይገኛል።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በሦስተኛው እትም እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ የፊደል ኮድ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ኮምፒዩተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ በነፃ የምንጠቀምበት መተየቢያ፣ ፍለጋና ትርጉም ሁሉ በዚያ ሥራ ላይ የቆመ ነው። እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች ለዓመታት የለፉበት ሥራ ነው፤ ምስጋናው አነሰ እላለሁ።

ፊደሉ ገባ ማለት ግን ፍለጋው ተስተካከለ ማለት አይደለም። ቁስቋምን ራሷን ይውሰዷት። አንዱ «ቁስቋም» ይላል፣ ሌላው «ቍስቋም»። በላቲን ሲጻፍማ መልኳ ብዙ ነው፤ በኬ የሚጀምርም በኪው የሚጀምርም አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን፣ አ እና ዐን አንድ አድርጎ የማይፈልግ አፕ «ሐኪም» ብለው ሲጽፉ «ሀኪም»ን አያመጣም። ይህ በሁለት ቀን ሊሠራ የሚችል ፊቸር ነው። ከማንኛውም የቀለም ለውጥ በፊት መምጣት ነበረበት።

ስለ አድራሻ ካነሣን፣ የመኪና መጥሪያውን ራይድን የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ አገልግሎቱን የጀመረችው በጽሑፍ መልእክት እንደነበር ያውቁ ኖሯል? አፑ በኋላ መጣ። አፑ ከመጣ በኋላም 8294 ደውሎ መኪና ማዘዝ አልቀረም። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በሰፊው በማይሠራበት ከተማ «ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያስገባው ቅያስ» ብሎ ለሰው መንገር ካርታ ላይ ነጥብ ከማስቀመጥ ይቀላል። የስልክ መስመሩን «ያረጀ» ብሎ አለመዝጋት ራሱ የታሰበበት የፊቸር ውሳኔ ነው።

አሁን ወደ መልቀቁ እንለፍ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን በመጀመሪያ ያበራው አዲስ አበባ ላይ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ነሐሴ 23 ቀን 2014 ድሬዳዋ ላይ በሙከራ ጀመረ፤ ከዚያ ሌሎች የክልል ከተሞችን አዳርሶ አዲስ አበባ ላይ በይፋ የተመረቀው መስከረም 26 ቀን 2015 ነው። ትልቁን ገበያ ለመጨረሻ ማቆየት ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ስሕተት ካለ በትንሹ ይታያል። መስከረም 26 ደግሞ ጾመ ጽጌ የሚገባበት ዕለት ነው፤ ጾሙ ኅዳር 5 ተፈጽሞ በማግስቱ፣ ኅዳር 6፣ የቁስቋም በዓል ይውላል። በዚያ ዕለት ዳገቱ በሰው ይሞላል፣ ሰው ሁሉም ስልክ ይዟል። አዲስ ነገር የሚለቅ ቡድን እንዲህ ያለውን ቀን በቀን መቁጠሪያው ላይ ማስፈር አለበት፤ ከውጭ የተገለበጠ የሥራ ካሌንደር ኅዳር 6ን አያውቃትም።

አፕል ለአፕ ባለቤቶች የሰባት ቀን የአለቃቀቅ መሰላል አዘጋጅቷል። አውቶማቲክ አፕዴት ካበሩ ተጠቃሚዎች መካከል አዲሱ እትም የሚደርሳቸው በመጀመሪያው ቀን 1 በመቶ፣ ከዚያ 2፣ 5፣ 10፣ 20፣ 50፣ በሰባተኛው ቀን 100 በመቶ ነው። ችግር ከታየ እስከ 30 ቀን ማቆም ይቻላል። ጎግል ፕሌይም በመቶኛ እየከፈሉ መልቀቅን ይፈቅዳል። ምንም አያስከፍልም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሙሉውን ከመሸመኑ በፊት የጥለቱን ናሙና ለደንበኛ እንደሚያሳየው ነው።

ይህን መሰላል የዘለለ ምን እንደገጠመው እንይ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ አንድ ስሕተት ያለበትን ፋይል ለሁሉም ደንበኛ በአንድ ጊዜ ላከ። ፋይሉ የተነሣው በ78 ደቂቃ ውስጥ ነበር፤ ግን 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ተዘግተው ነበር፤ አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 አዲሱን ኮድ ከስምንት ሰርቨሮች በሰባቱ ላይ ብቻ ጭኖ አንዱን ዘነጋው። በዚያ ላይ የቀረው ለዓመታት የተተወ አሮጌ ኮድ ተቀሰቀሰ፤ 45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ። ከዚህ የምወስደው አንድ የሥራ ትእዛዝ ነው፦ የማይሠራበት ኮድ ዛሬውኑ ይሰረዝ።

የእኛው አገር መጋቢት 2016ስ? መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ እንደሚችሉ ተገነዘቡ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል በፍጥነት ተዳረሰ፤ ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ አገልግሎቱን እስኪያቆም ሰዓታት አለፉ፤ በዚያ ጊዜ ከ490 ሺህ በላይ ግብይት መፈጸሙ ተነግሯል። ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ባንኩ አስታወቀ፤ ብሔራዊ ባንክም ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር አያይዞ ገለጸው። ገንዘቡን አልመለሱም የተባሉ የ565 ሰዎች ስም ዝርዝርም ይፋ ሆነ።

በጊዜው የከተማው ወሬ ሁሉ ስለ ተማሪዎቹ ነበር። እኔ ግን ለሶፍትዌር ሰው ትልቁ ጥያቄ ሰዓታቱ ናቸው እላለሁ። ማሻሻያ በሚሠራበት ሌሊት ሦስት ነገር ዝግጁ መሆን አለበት። አንደኛ፣ ወደ ቀድሞው የሚመልስ ቁልፍና እሱን የሚጫን፣ ማንንም ማስፈቀድ የማያስፈልገው ነቅቶ የሚያድር ሰው። ሁለተኛ፣ ገደብ፦ ሲስተሙ ቀሪ ሒሳብን ማረጋገጥ ካልቻለ ክፍያውን ይከልክል እንጂ አይፍቀድ። ሦስተኛ፣ ደወል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የግብይቱ ቁጥር የደመወዝ ቀን ከመሰለ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅም ቢሆን አንድ ስልክ መጮኽ ይኖርበታል። ይህ ለማንኛውም ባንክ፣ ለማንኛውም ትንሽ የክፍያ ድርጅትም ይሠራል።

ከቁስቋም በላይ፣ እንጦጦ ተራራ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ ባለው ኦብዘርቫቶሪ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት መቀበያ ጣቢያ እንደተሠራ ያውቁ ኖሯል? ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና ስትወነጨፍ ክብደቷ ወደ 70 ኪሎ ነበር። ሳተላይት የፊቸር ዕቅድን ጥብቅነት በደንብ ታሳያለች፦ አንዴ ከሄደች በኋላ ካሜራ አይቀየርላትም፤ በሬዲዮ የሚላክ ኮድ ብቻ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2024 ናሳ ከምድር 24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኝ የነበረችውን መንኰራኩር ቮየጀር 1ን የጠገናት እንዲሁ ነው። ትእዛዙ ለመድረስ ብቻ 22 ሰዓት ተኩል ፈጅቷል። ለእነዚያ መሐንዲሶች «ከተለቀቀ በኋላ እናስተካክለዋለን» የሚል አማራጭ በእጅጉ ጠባብ ነው።

አዲስ አበባ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ያወጣችው የኮንዶሚኒየም ዕጣ በሶፍትዌር ምክንያት እንደተሰረዘ አብዛኛው አንባቢ ያስታውሳል። ከ25 ሺህ በላይ ቤት ነበር። ዕጣው በይፋ፣ በካሜራ ፊት ወጣ፤ ዕጣ ወጣላቸው የተባሉ ቤተሰቦች እልል አሉ። በቀናት ውስጥ፣ ቁጠባቸውን ያላሟሉ ሰዎች ዕጣው ውስጥ መካተታቸው ተረጋግጦ ውጤቱ ተሰረዘ፤ ተጠርጣሪዎች ታሰሩ፤ ዕጣው ኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ጉለሌ ውስጥ ዓመት ከዓመት ከደመወዙ እየቀነሰ የቆጠበ ሰው ያን ሳምንት ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም።

ከዚህ የሚወሰደው ቴክኒካዊ ትምህርት በቂ ውይይት አልተደረገበትም። ሕዝብ እንዲያይ የተደረገው ቁልፉ ሲጫንና ስም ሲወጣ ነው። ሊፈተን የሚገባው ግን ወደ ማሽኑ የገባው ዝርዝር ነበር። መፍትሔውም ውድ አይደለም። ቁጠባውን የሚይዘው ባንክ ያረጋገጠው የቆጣቢዎች ቁጥር ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ይታተም። የዝርዝሩ ዲጂታል አሻራ፣ ማለትም አንዲት ፊደል እንኳ ብትቀየር የሚለወጥ አጭር ኮድ፣ በጋዜጣ ይውጣ። በዕጣው ቀን ነጻ ታዛቢ አሻራውን እንደገና አስልቶ ከታተመው ጋር ያመሳክር። ካልገጠመ ዕጣው አይጀመርም። ይህ ፊቸር ነው፤ ተጠቃሚውም ቤት የሚጠብቀው ሕዝብ ነው።

ወደ መለካቱ ስንመጣ፣ ባለሙያዎች ይጠቅማሉ ብለው ከሚገነቧቸው ሐሳቦች አብዛኛዎቹ እንደማይጠቅሙ ያውቁ ኖሯል? ሮን ኮሃቪና ባልደረቦቹ ማይክሮሶፍት ውስጥ በሙከራ ሲለኩ፣ የታሰበላቸውን ውጤት ያሻሻሉት ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሲሶው ምንም አልለወጠም፤ ሲሶው ጎዳ። የሚገርመው ደግሞ ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የቢንግ ፍለጋ ላይ የማስታወቂያ ርዕስን ትንሽ የማስረዘም ሐሳብ ከስድስት ወር በላይ ባክሎግ (ተራ የሚጠብቁ ሥራዎች ዝርዝር) ውስጥ ተረስቶ ቆየ። አንድ መሐንዲስ በራሱ ተነሣሽነት ሠርቶ ቢፈትነው ገቢውን 12 በመቶ አሳደገው፤ በአሜሪካ ብቻ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማለት ነው። ማንም አልገመተውም።

«ከሶፍትዌር ፊቸሮች 64 በመቶው ጨርሶ ወይም እምብዛም አይነኩም» የሚለው ቁጥር በየሥልጠናው ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የቀረበው ይህ ቁጥር አራት የድርጅት የውስጥ ሲስተሞችን ብቻ የተመለከተ እንደነበር የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የራስዎን አፕ መለካት ይሻላል።

መለካት ትዕግሥትም ይጠይቃል። ጂሜይል ውስጥ የተላከን ደብዳቤ መልሶ የሚያስቀር ቁልፍ ስድስት ዓመት ሙሉ በሙከራ ላይ እንደቆየ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ2009 ለፈቃደኞች ቀረበ፤ ለሁሉም የተሰጠው በ2015 ነው።

የተጠቃሚ ቁጥር ማደግ መወደድን ላያሳይ ይችላል። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ በአዲስ አበባ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ሲደረግ የክፍያው ቁጥር እንደሚጨምር የታወቀ ነበር፤ ሹፌሩ ሌላ ምርጫ የለውም። በግዴታ የመጣ ቁጥር የሚለካው በሌላ ነገር ነው፦ ማደያው ላይ የሚጠፋው ደቂቃ፣ ደግሞ ደጋግሞ የሚሞከር ክፍያ፣ ሹፌሩ በራሱ ፈቃድ ያንኑ አፕ ለሌላ ግዢ መጠቀሙ።

የቁጥር መውደቅም እንዲሁ ያታልላል። በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ሳምንት አዲስ ፊቸር ለቅቆ የነበረ ቡድን ግራፉ ሲያሽቆለቁል ፊቸሩን ቢጥለው በደል ነው። የመብራት መጥፋት፣ የጾም ወቅት፣ የክረምት ጎርፍ፣ የትምህርት ቤት መከፈት ሁሉ ከግራፉ ጎን በቀኑ መጻፍ አለባቸው። አንድ ተራ ደብተር ይበቃል።

በመጨረሻ፣ ለአጠቃቀም ፍተሻ አምስት ሰው ብዙ ጊዜ እንደሚበቃ ያውቁ ኖሯል? የአጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን ባሰላው መሠረት አምስት ሰዎች ከአጠቃቀም ችግሮች 85 በመቶ ያህሉን ያወጣሉ። አምስቱን ሰው ከሽሮ ሜዳ እስከ ቁስቋም ባለው መንገድ ላይ በአንድ ከሰዓት ማግኘት ይቻላል፦ ሸማኔ፣ ባለሱቅ፣ የታክሲ ረዳት፣ ተማሪ፣ ጡረታ የወጡ አባት። «ወደዱት?» ብለው አይጠይቋቸው፤ ይሉኝታ ያለበት አገር ነውና «ጥሩ ነው ልጄ» ይባላሉ። ይልቅ ስልኩን በእጃቸው ይስጡና «ለልጅዎ ሁለት መቶ ብር ይላኩልኝ» ይበሉ። ከዚያ ጣትዎን ሰብስበው ዝም ይበሉ፤ ጣታቸው የት ላይ እንደቆመ ብቻ ይጻፉ።